ሶውድሩሽካ ያልኩበት ሳምንት

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 20፣ 2018

አበላሸሁት። ቤት ከገባሁ ጀምሮ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጫለሁ። ጆሮዬ እስካሁን ይግላል።

ንግግሬ ሲጀመር ደህና ነበር። ሚኒሶታ፣ ዌስት ሴንት ፖል ያለችው የማኅበሩ አዳራሽ ሞልታ ነበር። ሞልታ ስል እንግዲህ በእነሱ ልክ ነው፤ ምርኩዝና ዎከር በዝቶ ወንበር ያነሰ ያስመስለዋል። የቼክና የስሎቫክ የባህልና የጥናት ማኅበር። ያቋቋሙት ኮሚኒስቶቹን ሸሽተው ከአገራቸው የወጡ ምሁራን ናቸው። ዛሬ ጥቂት ሽማግሌዎች ቀርተዋል፤ ልጆቻቸው የሚመጡት ሾፌር ሆነው ነው። በየወሩ አንድ ሰው ጥናት ያቀርባል። ስለ አንድ የተረሳ ባለቅኔ፣ ስለ ቢራ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ምንም ይሁን። ከዚያ እስኪደክማቸው ይከራከራሉ። ክርክሩ ነው ደስታቸው።

የዛሬዋ ተናጋሪ እኔ። ርዕስ፦ አንዲት ኢትዮጵያዊት ቼክኛን እንዴት ተማረች። በደርግ ጊዜ በስኮላርሺፕ ወደ አገራቸው እንደሄድኩ፣ አንድ ዓመት ትንሽ ከተማ ውስጥ ቋንቋ እንደተማርኩ፣ ከዚያ ሊበሬትስ ገብቼ ጨርቃ ጨርቅ እንዳጠናሁ ነገርኳቸው። ሁሉንም በቼክኛ። ሳቁልኝ። ክኔድሊክ የሚሉትን የተቀቀለ ሙልሙላቸውን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ስፖንጅ መስሎኝ እንደነበር ስናገር አንዷ ባልቴት ዓይኗን ጠረገች።

መጨረሻ ላይ ምስጋና ለመምህርቴ። አፌ እንደለመደው አወጣሁት፦ «ሶውድሩሽካ ኡቺቴልካ ማርጊታን አመሰግናለሁ። ስሎቫክ ሆና ቼክኛን ያስተማረችኝ እሷ ናት።»

ኡቺቴልካ መምህርት ነው። ሶውድሩሽካ ደግሞ በእኛ «ጓድ» ነው።

ከፊት የሚቀመጡት ረጅሙ ሽማግሌ፣ ስሎቫኩ አቶ ኦንድሬይ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። ተነሡ። ኮታቸውን እንኳ ሳይለብሱ በእጃቸው አንጠልጥለው ወጡ። ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ሚለና «እናመሰግናለን» ብለው ዘጉት። ጥያቄ የለም፣ ክርክር የለም። የጠረጴዛውን ኬክ ሰው በየፌስታሉ ይዞ ሹልክ አለ።

ከሰው አገር ሰው ፊት ምላስ ያዳልጣል፤ ይሁን። ግን በዚያ ቃል በሚጠራሩ ሰዎች እጅ የታሰሩ ሽማግሌዎች ፊት!

እሑድ፣ ኦክቶበር 21

ቸርች ሄጄ ፓስተሩ ምን እንደሰበከ አላውቅም።

እኔ እንዴት ልስተው? ወንድሜን ደረጀን ከቤት የወሰዱት «ጓድ እንትና» የሚባባሉ ሰዎች ናቸው። እናቴ ቃሉን ሬዲዮ ላይ ስትሰማ እስክትሞት ድረስ ታጠፋው ነበር። እኔ በአማርኛ አንድም ሰው ጓድ ብዬ ጠርቼ አላውቅም። በግድ ሲያስብሉን እንኳ ከንፈሬን ነበር የማንቀሳቅሰው።

በቼክኛ ግን ሌላ ቃል ነው። ብርድ የማታውቅ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ ስደርስ፣ በር ላይ ቆማ ስካርፌን የምታስርልኝ ሴትዮ መጠሪያ ነው። ለእኔ «እትዬ» እንደማለት ነበር። መምህርን በሌላ ቃል መጥራት ብልግና ነው ብለው ነው ያስተማሩን። በአማርኛ የሚያንገሸግሸኝን ቃል በቼክኛ እወደዋለሁ ብል ማን ያምነኛል? እኔም ራሴን አላምን።

የሚቀጥለው እሑድ አገራቸው የተመሠረተችበት መቶኛ ዓመት ነው። አገሪቱ ለሁለት ከተከፈለች ቆይታለች፤ እነዚህ ግን ሳይከፈሉ አብረው ያከብራሉ። ወይዘሮ ሚለና በዓሉ ላይ ጸሐፊ እንድሆን ስሜን ሊያቀርቡ ነበር። የመጻሕፍት ክፍላቸውን ቁልፍ የሚረከብ፣ ቼክኛ የሚያነብ ሰው ከልጆቻቸው መሀል ጠፋ። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ እኔ ዚፕ የምትቀይረዋ ሴትዮ ነኝ። እዚያ አዳራሽ ግን «ኢንጂነር ፀሐይ» ይሉኛል። ይሄን ማጣት አልፈልግም። በግልጽ ልጻፈው፤ በጣም አልፈልግም።

ሚለና አልደወሉም። ሁልጊዜ እሑድ ይደውሉ ነበር።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 22

ደወሉ። ምነው ባልደወሉ።

«ፀሐይዬ፣ እስክደውልልሽ ድረስ ለማንም እንዳትደውዪ» አሉኝ። ሰዎች ተቆጥተዋል፤ እሱስ ይበርድላቸዋል። ግን ኦንድሬይ ትናንት ሚለና ቤት ሄደው ስለ እኔ ጠይቀዋል። ቋንቋውን የት ከተማ ተማረች? በስንት ዓመተ ምሕረት? መምህሯ ሌላ ምን ስም ነበራት? የምትሠራበት ሱቅ የት ነው?

«ለምን ይፈልጉታል?» አልኩ።

«እኔ መናገር አልችልም» ብለው ዘጉ። ሚለና መናገር አልችልም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እሳቸው በቀብር ላይም ያወራሉ።

የሱቄ መስኮት ላይ የሚለናን የባህል ቀሚስ ሰቅየዋለሁ፤ ለበዓሉ ወገቡን እያሰፋሁላቸው ነው። እጅጌው ሙሉ ጥልፍ ነው፣ ቀይ በጥቁር። ዛሬ ሳየው ተሰቅሎ የሚጠብቀኝ ሰው መሰለኝና ዞር አደረግኩት።

ከሰዓት በኋላ ማዶ አንዲት ግራጫ መኪና ቆማ አየሁ። ውስጧ ረጅም ሰው አለ። በመንገዱ መሀል የሚሄደው የከተማ ባቡር ሲያልፍ ይከልላታል፣ ባቡሩ ሲሄድ አለች። ሱቅ እስክዘጋ አልተነቃነቀችም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 23

አቶ ኦንድሬይ ናቸው። እሱ ነው። አንቱታውን ከዛሬ ጀምሮ አንስቼበታለሁ።

ጠዋት በሩን ስከፍት መኪናዋ ቀድማኝ ቆማለች። መስታወቱ ላይ ትንፋሹ አለ። ስንት ሰዓት እንደመጣ እግዜር ይወቅ። እጄን አነሣሁ፤ ሰላምታ አይመልስም።

ምሳ ሰዓት ላይ ጎረቤቴ ገመቹ መጣ። ስልክ የሚጠግን፣ ቀልደኛ፣ የአምቦ ልጅ ነው። ዛሬ አልቀለደም።

«አዴ ፀሐይ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሱቄ ገባ። ስልክ አይገዛም፣ ቻርጀር አይገዛም። አንቺን ብቻ ይጠይቃል። ሴትዮዋ ጥሩ ሰው ነው? ይለኛል። እውነት ይናገራል? ይለኛል።»

«ምን አልከው?»

«ሱሪዬን ለዓርብ አደርሳለሁ ብላ ሰኞ ነው የሰጠችኝ፣ ሌላ ውሸት አላውቅባትም አልኩት። አልሳቀም። አዴ፣ ይሄ ሰውዬ ጤነኛ አይመስለኝም። በሩን ቆልፊው።»

ቆለፍኩት። ደንበኛ ሲያንኳኳ እየከፈትኩ ዋልኩ፤ ደንበኞቼ ምን እንዳሰቡ እንጃ።

እውነት ትናገራለች ወይ? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሊከስ ያሰበ ነው። እኛ ሰፈርም ደረጀን ከመውሰዳቸው በፊት እንዲሁ ጎረቤት ጠይቀው ነበር። ልጁ ጥሩ ነው ወይ? ከማን ጋር ይውላል? ጎረቤቶቻችን በደግነት መለሱላቸው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 24

ለሩት ነገርኳት፤ ባልነግራት ይሻል ነበር። ልጄ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣ ለሁሉም ነገር መድኃኒት አላት።

«ማም፣ ዛት ኢዝ ስቶኪንግ፣ እየተከታተለሽ ነው። ጀስት ኮል ዘ ፖሊስ።»

«ሽማግሌ ሰው ላይ ፖሊስ?»

«ሶ ዋት? ሂ ኢዝ ስኬሪንግ ዩ፣ እያስፈራሽ ነው።»

«የሚፈራው እሱ ቢሆንስ?» አልኳት። ይሄ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አልገባትም፤ እኔም አልገባኝም። ዛሬ ኒው ሆፕ ከተማ እሷ ቤት እንዳድር ለመነችኝ፣ እምቢ አልኩ። አሁን ጸጸተኝ።

የምፈራቸውን ልጻፋቸው፣ ከጭንቅላቴ ይውጡ፦

ሰላይ ነበረች ብሎ ማኅበሩ ፊት ሊያቆመኝ ነው።

አብረውኝ ከተማሩት መሀል ሰላይ የነበረ ሰው አለ፣ እሱን ያውቃል።

አሜሪካኖቹ ጋ ሄዶ ኮሚኒስት ናት ሊል ነው። ዜጋ ነኝ እኮ። ቢሆንስ? ዘንድሮ ዜጋም የማይፈራበት ጊዜ ነው እንዴ?

የሚለናን ቀሚስ አበላሽቼዋለሁ። (ይሄኛው እውነት ነው። አንዱን ጎን ሁለት ጊዜ ፈታሁት።)

ከሰዓት በኋላ ወኔዬ መጣ። መቀሱን አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ይዤው መንገዱን ተሻገርኩ። መስታወቱን በጣቴ መታሁ። ቀና ብሎ አየኝ። እንዲህ ያለ ፊት ከቅርብ አይቼ አላውቅም። ቁጣ ነው ብዬ ነበር ስሄድ፤ ቁጣ ከሆነ እንግዲህ ከንፈሩ ላይ አልነበረም። አንድ ነገር ተናገረ፣ መስታወቱ ዋጠው። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። መቀስ ይዤ መንገድ መሀል ቀረሁ። አንዲት ሴትዮ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 25

መኪናዋ የለችም። ይሄ የባሰ ነው። ስትቆም ቢያንስ የት እንዳለ አውቅ ነበር።

ዝናብ፣ ብርድ፣ ሰው የለም። ትንሽ ድል፦ ቀሚሱ አለቀ። ወገቡ ተስተካከለ፣ ስፌቱ ከውጭ ፈጽሞ አይታይም። ማንም ባያይልኝ እኔ አይቼዋለሁ።

አመሻሽ ላይ ሚለና ደወሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

«ቀሚሱ ደረሰ?»

«ደርሷል። ነገ ይምጡና ይለኩት።»

«እኔ አልመጣም። ኦንድሬይ ይወስደዋል።»

የቀሚሱን እጅጌ አጣጠፍኩት።

«ፀሐይ፣ በሩን ክፈቺለት። የሚጠይቅሽን መልሺለት።»

«ምን ሊጠይቀኝ ነው? ወይዘሮ ሚለና፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ምን አድርጌ ነው?»

«እሱ የሚለው የእሱ ነው፣ እኔ ልናገርበት አልችልም። አንድ ነገር ብቻ፤ ለማስደሰት ብለሽ የሌለ ነገር እንዳትነግሪው። ያንን ያውቃል።»

ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሰው ነው እንዲህ ተብሎ የሚመከረው። ለሩት አልነገርኳትም። ለገመቹ ብቻ ነገ በሩን ገርበብ አድርገህ ዋል አልኩት። «ብትስዪ እንኳ እሰማለሁ» አለኝ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 26

መጣ። መጡ። ዛሬ አንቱታቸውን መልሼላቸዋለሁ።

ገብተው በሩ ሥር ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቀሚሱን አውርጄ በላስቲክ እየሸፈንኩ ያጠናሁትን ይቅርታ አንበለበልኩት። ቃሉ እንደዚያ እንደሚያም አላሰብኩም፣ መምህርን መጥሪያ ብለው ነው ያስተማሩኝ፣ የእኔንም ወንድም የገደሉት ጓዶች ናቸው፣ ሰላይ ሆኜ አላውቅም፣ ቢፈልጉ በመጽሐፍ ቅዱስ እምላለሁ።

እጃቸውን አነሡ። «ቃሉን ይተዉት። ያኔ ሁሉም ሶውድሩሽካ ይባል ነበር። እኔ የሰማሁት ስሟን ነው።»

አልገባኝም።

«ማርጊታ» አሉ። «ስሎቫክ ሆና ቼክኛ የምታስተምር። ቀኝ እጇ፣ ትንሿ ጣቷ...»

«አትታጠፍም» አልኩ። ሳላስብ ነው የወጣኝ። ጠመኔ ስትይዝ ያቺ ጣት ብቻዋን ቀጥ ብላ ትቀር ነበር። ከኋላዋ እየኮረጅናት እንስቅ ነበር።

ደንበኛ የሚቀመጥባት ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። «ያቺ ጣት ላይ በር የዘጋሁባት እኔ ነኝ። ልጆች ሆነን።»

እህታቸው ናት።

ውሃ ሰጠኋቸው። ሳይጠጡት ይዘውት አወሩ። ወጣት ሆነው ከጓደኛቸው ጋር ድንበሩ ላይ ያለውን የሞራቫ ወንዝ በዋና ነው የተሻገሩት። ጓደኛቸው ማዶ አልደረሰም። እሳቸው ደረሱ። እህታቸውን እንዳያስሩባቸው ብለው ብዙ ዓመት አልጻፉም። በኋላ ሲጽፉ ደብዳቤው ሳይከፈት ይመለስ ጀመር። የኮሚኒስቶቹ መንግሥት ወድቆ ሲሄዱ በዚያው ክረምት ሞታ ተቀብራ አገኟት። የምትኖርበት ፎቅ ደረጃ ላይ ጎረቤቷን ጠየቁ። ሴትዮዋ «ወንድም? እሷ ወንድም የላትም» አለቻቸው። ያንን ይዘው ወደ ሚኒሶታ ተመለሱ።

«ታዲያ መኪና ውስጥ ምን ያስቀምጥዎታል?» አልኩ። ተቆጥቼ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያስፈሩኝ ሰው እኮ ናቸው።

«ፈራሁ። ሳልጠይቅዎ ከቀረሁ ስሜን አንሥታ ይሆናል እያልኩ መሞት እችላለሁ። ከጠየቅኩ ግን ይመልሱልኛል።» ከዚያ ቀና አሉ። «ስለ እኔ ተናግራ ታውቃለች?»

ተናግራለች።

ኃላፊ ጊዜን ስታስተምረን ምሳሌዋ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ወንድም ነበረኝ። ሰጠመ።» ሰሌዳው ላይ ትጽፈዋለች፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይደግመዋል፤ አንጎላዎቹ፣ ቬትናሞቹ፣ እኛ። ወንድም ነበረኝ፣ ሰጠመ። ወንድም ነበረኝ፣ ሰጠመ። እኔ በተራዬ የራሴን ሠርቼ «ወንድም ነበረኝ፣ ገደሉት» ስል መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ እጇን አሳረፈች። ስህተት ሠርቼ መስሎኝ ነበር።

ይሄን ለአንድ ሽማግሌ እንዴት ነው የሚነግሩት? ስምዎን አልጠራችም፣ ተናግራ አታውቅም ማለት ይቻላል። አልቻልኩም። ነገርኳቸው፣ በራሷ ቃላት፣ በቼክኛ።

«ሰጠመ አለች?»

«አዎ።» ከዚያ እንዳይወድቁብኝ ተንጣጣሁ። ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ተቆጣጣሪ ይቀመጥ ነበር፤ ውጭ አገር ያለ ወንድም ሥራ ያሳጣል፤ የሰጠመን ወንድም ግን በየዓመቱ ቢያነሡት የሚቆጣ የለም፤ እሷ እንደዚያ ነው ያደረገችው፣ በእነሱ ፊት እርስዎን የምታነሣበት ዘዴ ነው አልኩ።

«ወይም አምናዋለች» አሉ። «ጓደኛዬን ሲያገኙት ሁለቱም ሰጥመዋል ብለዋት ይሆናል። ዕድሜዋን ሙሉ ስታለቅስልኝ ኖራ ይሆናል፣ እኔ እዚህ ዓሣ ሳጠምድ።»

አንድ ሰውዬ ሱሪ ይዞ በሩን ሊገፋ ሲል በዓይኔ መለስኩት።

አቶ ኦንድሬይ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ስትለው ፊቷ ምን ይመስል ነበር? ታለቅስ ነበር?»

የፈለጉት ገባኝ። ካለቀሰች አምናዋለች። ካላለቀሰች መትረፋቸውን ታውቅ ነበር፣ ለተቆጣጣሪው ነበር የምትዋሸው። አንድ ቃል ብቻ ነው ከእኔ የሚጠበቀው። አላለቀሰችም ብል ሽማግሌው ዛሬ እንቅልፍ ይተኛሉ። አፌን ከፈትኩ። የሚለና ማስጠንቀቂያ አይደለም የያዘኝ፤ ማርጊታ ራሷ ናት የያዘችኝ። ያልሆነ ነገር በቋንቋዋ ልናገርባት አልቻልኩም።

«ፊቷን አላየሁትም» አልኩ። «ያንን ስትል ሁልጊዜ ወደ ሰሌዳው ዞራ እየጻፈች ነው። እኛ የምናየው ጀርባዋን ነበር።»

ባቡሩ አለፈ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እሑድ አዳራሹ ይቀበለኝ አይቀበለኝ ጭራሽ ከሐሳቤ ወጥቶ ነበር። አሁን ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ፤ አልጠየቅኳቸውምም፣ አልነገሩኝምም።

«እንግዲያው ጀርባዋን ንገሪኝ» አሉ። አንቺ ያሉኝ ያኔ ነው።

በሩን ቆለፍኩና ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ቡናማ ሹራብ ነበራት፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ እራፊው ከሹራቡ የደመቀ። ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ዝቅ ይላል። ቀሚሷ ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ነው፤ ከስታ ነበር መሰለኝ። ጸጉሯን ወደ ላይ ትይዘዋለች፣ ማጅራቷ ላይ አንድ ዘለላ ሁልጊዜ ያመልጣታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። በጸጉሯ አበቃሁ።

«ቀጥዪ» አሉ። ሌላ ምን እንደነበራት ማሰብ ጀመርኩ።